አፎቱን የያዘው እጅ

አንድ የሽጉጥ አፎት ሠሪ ነበር፤ ዘርጋው ይባላል። ከቆዳ አይደለም የሚሠራው። በሙቀት የሚለሰልስ ጠንካራ ፕላስቲክ ምድጃ ውስጥ ያሞቃል፣ እንደ ሊጥ ሲላላለት በሽጉጥ ቅርጽ በተጠረበ እንጨት ላይ አድርጎ ይጫነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። በደንብ የተሠራ አፎት ሽጉጡ ሲገባበት «ቀጭ» ይላል። ያቺ ድምፅ ከተሰማች ባለሽጉጡ ቢሮጥም ቢያጎነብስም ከመኪና ቢዘልም ሽጉጡ ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጠርዙ ነው። ተቆርጦ የወጣ ፕላስቲክ ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ በሞረድ ይሞረዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ መጨረሻ ላይ በሞተር በሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ይወለወላል። ዘርጋው ድሮ ለዚህ ብዙም አይጨነቅም ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ደንበኛ ሱቁ ድረስ መጥቶ ሸሚዙን ገለጠና የተላጠ ጎኑን በሰው ፊት አሳየው። «አፎት ነው የሠራህልኝ ወይስ ሞረድ?» አለው። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ደንበኛው ቁስሉን ረስቶት ይሆናል፤ ዘርጋው ግን ያን ሳቅ አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ እጁ አላርፍ አለ። ጠርዙ ለስልሶም ይወለውላል፣ አብርቶም ይወለውላል። አንዲት ጭረት ካየ እንቅልፍ የለውም፤ ጭረት ካጣ ደግሞ እስኪያገኝ ይፈልጋል። ሥራው በከተማው ታወቀለት። ሰዎች ለአፎት ጉዳይ ባይኖራቸውም ጎራ ብለው ጠርዙ ላይ ጥርሳቸውን ለማየት ይሞክሩ ነበር። ዘርጋውም እንዳልሰማ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል፤ ጆሮው ግን ቆሞ ነው የሚውለው።

በዚያው ከተማ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበሩ። ሌባ በመብዛቱ ባለወፍጮዋ ሽጉጥ አስታጥቃቸው ነበርና አፎት እንዲሠራላቸው ዘርጋውን አዘዙት። ጋሽ ደምሰው ከዘበኝነቱ ይልቅ በሸክም ነው የሚታወቁት። እህሏን አስፈጭታ የምትወጣ ሴት ሁሉ ዱቄቷን የሚያሸክሟት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳይጠራቸው ጎንበስ ይሉና ጆንያውን ብድግ ያደርጉታል። «ልጄ፣ አፎቱ እጄን ነፃ ይተውልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ነበር ያሉት ሲያዙ።

ዘርጋው ሠርቶ ጨረሰ። የእንጨቱን ሽጉጥ ቢያስገባበት ቀጭ አለ። ጠርዙ ላይ ጣቱን ቢያሳልፍ ልስልስ ብሏል። እዚያ ላይ ቢተወው ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ የማወራበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። እሱ ግን የጠርዙ ብርሃን አነሰው። ሞተሩን አስነሳና አፎቱን እንደገና ለጎማው ሰጠው። ጎማ ሲፈትገው ፕላስቲክ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይላላል። ዘርጋው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቢሆንም ጠርዙ እያበራ ሲሄድ ዓይኑ ሌላ ነገር ማየት ተሳነው። ሲጨርስ የእንጨቱን ሽጉጥ አስገባው። ቀጭ አላለም። ከአፎቱ አፍ ሥር ሽጉጡን ቆንጥጣ የምትይዘው ጉብታ ሟሙታ ጠፍታለች።

አውጥቶ እንደገና አስገባው። ዝም።

እንደገና አሙቆ ሊጫነው ሲያስብ ሱቁ በሰው ተሞላ። ገበያ ቀን ነበር። አንዱ አፎቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና «ኧረ ይሄን እዩ!» አለ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም አፉን ይዞ ሲያደንቅ ጋሽ ደምሰው የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው ደረሱ። አፎቱ ወገባቸው ላይ ታሠረላቸው፤ ሽጉጡንም ከኪሳቸው አውጥተው ከተቱት። ትንሽ ቆም አሉ። ዘርጋውን አዩት። ዘርጋው የሚፈልገው ነገር ያለ ይመስል ወደ ሞተሩ ዞረ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉና ወጡ።

ዘርጋው ማታ ከሥራ ሲመለሱ አፎቱን አጠብቅላቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ሌላ አፎት አነሳ፣ አስቀመጠው። ሞረዱን ፈለገ፤ ሞረዱ ሲፈልገው በእጁ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቱ ገብቶ ምሳ ቀረበለት፤ አንዴ ጎረሰና ተነሳ፣ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ዓይኑ ላይ የሚመጣበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ደምሰው ጆንያ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ።

ሚስቱ ትርንጎ አየችውና «ዛሬ ምን ነካህ? ወንበሩ ላይ እሾህ አለ?» አለችው።

«የጋሽ ደምሰው አፎት ሽጉጡን አይዝም» አላት።

«እና ነገርካቸው?»

«ሰው ሁሉ ከቦ እያደነቀ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ይሉኝታ ያዘኝ።»

ትርንጎ ሰሃኑን ከፊቱ አነሳች። «እንግዲያው ጥራቸው እነዚያን አድናቂዎችህን። ተራ ገብተው ሽጉጡን ይያዙላቸው» አለችው።

ዘርጋው ነጠላ ጫማውን እንደተጫማ ሮጠ። ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ማዶ ነው፤ መንገዱም በሰው ተጨናንቋል። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ዘርጋው! የጋሽ ደምሰውን አየሁት፣ መስታወት ነው እኮ!» አለና ክንዱን ያዘው። ዘርጋው አመስግኖ እጁን አላቀቀ። ሽንኩርት ሻጩ «ለወንድሜም አንድ ታደርግለታለህ» ብሎ መንገድ ዘጋበት። እሺ ብሎ አለፈ። ሌላው ደግሞ ከኋላው «ምነው እንዲህ ኮራህ?» እያለ ተከተለው። በሕይወቱ ያን ያህል ተመስግኖ አያውቅም፤ ምስጋናም ያን ያህል አንገሽግሾት አያውቅም። እያንዳንዱ ሰው ላይ እየጮኸ «አይዝም! አፎቱ አይዝም!» ሊል ይፈልጋል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው።

ወፍጮ ቤቱ ሲደርስ ጋሽ ደምሰው በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው አፎቱ ላይ ተጣብቋል። ዱቄት ይዘው የሚወጡት ሴቶች እርስ በርስ ይሸካከማሉ፤ አንዷም «አዲስ አፎት ሲያንጠለጥሉ ጎንበስ ማለት ቀረ!» ብላ አፏን አጣመመችባቸው። ጋሽ ደምሰው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም፤ ፊታቸው በላብ ርሷል።

ዘርጋው ሊጠራቸው አፉን ሲከፍት ሕፃን ያዘለች ሴት ጆንያ ተሸክማ ከበሩ ወጣች። ደረጃው ላይ እግሯ ከዳት። ጋሽ ደምሰው አላሰቡም፤ ያ እጃቸው ከአፎቱ ተላቀቀና ሴቲቱን ከነልጇ ደገፏት። ጆንያው ተዘረገፈ። ሽጉጡም ከአፎቱ ሾልኮ ድንጋዩ ላይ ወደቀ።

ሰው ሁሉ ተንጋጋ፣ ገሚሱ መሬት ላይ ተኛ። ሽጉጡ አልባረቀም። ዱቄቱ ላይ እየተሽከረከረ ሄደና አፈሙዙን ወደ ዘርጋው አድርጎ ቆመ።

ባለወፍጮዋ እየጮኸች ወጣች። ሕፃኑን አየች፣ ሽጉጡን አየች፣ ወደ ጋሽ ደምሰው ዞረች። «እኔ ሰው አስጠብቃለሁ እንጂ ሰው አላስገድልም! ሽጉጥ መያዝ ካቃተህ ካፖርቱን አውልቅና ሂድ!» አለች። ጋሽ ደምሰው ዘርጋውን ቆሞ አይተውታል፤ ወዲያው ግን ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አነሱና የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ዘርጋው አሁንም ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም እሱን አልጠረጠረም። እንዲያውም አንዱ ከመሬት እየተነሳ «ያን የመሰለ አፎት ለማይገባው ሰው ተሰጥቶ!» ሲል ሰምቷል። ሽማግሌው ቁልፋቸውን አንድ በአንድ ሲፈቱ ባየ ጊዜ ግን አላስቻለውም።

«ይተዉት ጋሽ ደምሰው» አለ፤ ወደ ባለወፍጮዋም ዞረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አፎቱ እንደማይዝ እያወቅሁ ነው የሰጠኋቸው። ጠርዙን አበራለሁ ስል መያዣውን አሟሟሁት።»

ጋሽ ደምሰው ቀና ብለው አዩት። «እኔም አውቄያለሁ እኮ ልጄ» አሉ። «ገና ስከተው ቀጭ አላለም። ከጠዋት ጀምሮ በእጄ ይዤው ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ሰው ሁሉ እያመሰገነህ እንዴት ብዬ? አንተስ ለምን ሳትነግረኝ?»

ዘርጋው መልሱን ሲፈልግ ያገኘው ያንኑ ነበር። «ሰው ሁሉ እያመሰገነኝ እንዴት ብዬ?»

ባለወፍጮዋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «ከሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ እንኳ የሚናገር ይጥፋ?» አለች። ሽጉጡን ከዱቄቱ ላይ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። ደህና አፎት እስኪሠራ ድረስ እሷ ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ጋሽ ደምሰውንም ካፖርታቸውን እንዲቆልፉ አዘዘቻቸው። እሳቸውም ቆለፉና ጎንበስ ብለው የፈሰሰውን ዱቄት ለሴቲቱ መልሰው ማፈስ ጀመሩ።

ዘርጋው ሌላ አፎት ሠራላቸው። ጠርዙን ጎናቸውን እንዳይልጥ እጃቸውንም እንዳይቧጥጥ አድርጎ አለሰለሰና ሞተሩን አጠፋ። እጁ እንደገና ወደ ሞተሩ ሲሄድበት አፎቱን ይዞ ከሱቁ ወጣ፤ እዚያ ቢቆይ እንደማይተወው ያውቃላ። ያንን የሚያበራውን አፎት ግን አልጣለውም፤ ሱቁ በር ላይ ባዶውን ሰቀለው። ዛሬም የሚያልፍ ሰው ያየውና «ይሄንን ስጠኝ» ይለዋል። ዘርጋው አውርዶ የእንጨቱን ሽጉጥ ይከትበትና ወደ ታች ይደፋዋል፤ እንጨቱ ደንበኛው እግር ሥር ዱብ ይላል። የሚስቁ አሉ። አሁን ሳቁን ችሎታል።

ወዳጄ፣ ሥራን ማሳመር መልካም ነው፤ የሰው ጎን የሚልጥ ጠርዝ መለስለስ አለበት። ነገር ግን ሥራው የተሠራው ለሚይዘው ነገር እንጂ ለሚያበራው ጠርዝ አይደለም። የከፋው ደግሞ ዝምታችን ነው። ሠሪው ምስጋናው እንዳይቀርበት ዝም ይላል፤ ተቀባዩ ሠሪውን ላለማሳፈር ዝም ይላል። ሁለቱም ጨዋ ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ተንጠልጥሏል።

እንግዲህ ራስህን ጠይቅ። አንተ አሳምረህ ሰጥተኸው፣ እሱም አመስግኖህ ተቀብሎ፣ እንዳይወድቅበት ዛሬም በአንድ እጁ ደግፎት የሚውል ሰው ማን ነው? ደግሞስ ሮጠህ ልትነግረው ምን ትጠብቃለህ?