ልብስ የለበሰ ወንበር

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ነበረችው። በእሷ ሽንኩርት ይጭናል፣ ሲሚንቶ ይጭናል፣ አንዳንዴም ሙሽራ ይጭናል። አትሳቁ፤ ሙሽራም ጭነት ነው፣ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ከሾፌሩ አጠገብ ያለው የጋቢናዋ ወንበር አልቋል። ጨርቁ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሰውዬው ስንት ዓመት አጠገቡ ሲነዳ ግድ ብሎት አያውቅም። አንድ ሐሙስ ቀን ግን እህቱ ከገጠር ደወለችና "አባባ እሺ አሉ!" አለችው።

ምኑን ነው እሺ ያሉት? አባቱ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት አልፏል። ሰው ሲያዩ ጥላ ነው የሚያዩት፤ ዛፉም ጥላ፣ በሬውም ጥላ። ከተማ ወርደው ይታከሙ ሲባሉ "ያየሁት ይበቃኛል" እያሉ ሦስት ዓመት አስቸገሩ። አሁን በስንት ልመና እሺ አሉ። ቀጠሮው ሰኞ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ "ልጄ ራሱ መጥቶ ይውሰደኝ" አሉ።

ሰውዬው ስልኩን ዘጋና ወንበሩን አየው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያን ቀን ገና አየው ማለት ይቻላል። "አባቴ እዚህ ላይ ሊቀመጡ?" አለ። ዓርብ ጠዋት ሄዶ የወንበር ልብስ ገዛ። ነጭ፣ ስልባቦት የመሰለ፣ ጣት ሲያርፍበት የሚሰምጥ ልብስ። ሻጩ "ቁጭ በል፣ እኛ እናልብስልሃለን" ቢለው እምቢ አለ። "ለአባቴ ነው፤ እኔው ነኝ የማለብሰው።"

ወንበር አልብሳችሁ ታውቃላችሁ? ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የራስ መደገፊያውን ትነቅላላችሁ። ከዚያ ለሕፃን ሹራብ እንደምታጠልቁለት ከላይ ወደ ታች ታጠልቁለታላችሁ። ማሰሪያውን በመደገፊያውና በመቀመጫው መሃል ባለው ስንጥቅ አሳልፋችሁ፣ በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ራሳችሁን ዳሽቦርዱ ሥር ቀብራችሁ፣ የሽቦ ሜንጦዎቹን ከወንበሩ ብረት ጋር አንድ በአንድ ታያይዛላችሁ። አንዱን ስትይዙት ሌላው ያመልጣል። ሰውዬው ጣቶቹ ተላላጡ። ከስንጥቁ ውስጥ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ወጣ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሆነ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ነጩ ጨርቅ ላይ ተኛች። ሩቅ ቦታ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሬዲዮ ይዘፍናል። ሰውዬው እዚያው መኪናው ወለል ላይ እንደተጋደመ በሐሳብ ጭልጥ አለ። አባቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል። "አሁን የት ደረስን?" ይሉታል። "ወንዙ ጋ አባባ፣ ውኃው ሞልቷል።" "አሁንስ?" "አዲሱ ወፍጮ ቤት ጋ።" እሱ ዓይን ሆኗቸው፣ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ መንገዱ ሳያልቅ፣ መኪናዋ ሳትንገጫገጭ፣ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። ሲነቃ ፀሐይዋ ከወንበሩ ወርዳለች። ልብሱ ግን ቀጥ ብሎ፣ አምሮበት፣ ሙሽራ መስሎ ተቀምጧል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይሄ ሰው አባቱን ይወዳል ወይስ አይወድም? ይወዳል! ጣቱ እስኪላላጥ ይወዳል። ይሄን ያዙልኝ፤ ምክንያቱም አሁን የማወራላችሁ ስለ ክፉ ልጅ አይደለም። ስለ ክፉ ልጅ ባወራማ ሁላችሁም ጎረቤታችሁን ታስቡና እኔ በከንቱ እደክማለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳ። መንገዱ ጉም ነበር። ጉሙ ውስጥ ዶሮ ይጮኻል፣ ዶሮው አይታይም። ጉሙ ውስጥ ሰው ሰላም ይላል፣ ሰላም ባዩ አይታይም። እንዲህ እያለ አባቱ ደጅ ደረሰ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሲነጋ ተነስተው የባቄላ ማሳቸውን ሊሰናበቱ ወርደው ነበር። ሌሊቱን ዘንቧል። በበረባሶ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ባቄላውን ሲዳስሱ ቆይተው መጡ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። በዱላቸው መንገዱን እየነኩ ወደ መኪናዋ ቀረቡ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ ወንበሩን ዳሰሱት።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚለሰልሰው?"

"ልብስ ነው አባባ። የወንበር ልብስ።"

"ወንበርም ይለብሳል እንዴ?" ብለው ሳቁ። "ከእኔ የተሻለ ለብሷላ!"

"ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት።"

"ተባረክ ልጄ። እጅህ ይባረክ።"

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ግን ሰውዬው ዓይኑን ዝቅ አደረገና የአባቱን እግር አየ። ከዚያ ነጩን ልብስ አየ። እንደገና እግራቸውን አየ። ልቡ ሳያዝ አፉ ቀደመ። "አባባ፣ አንዴ ይቆዩ፣ ጋዜጣ ላንጥፍልዎ" አለ። ከመሳቢያው አሮጌ ጋዜጣ አወጣና ወለሉም ላይ፣ ወንበሩም ላይ ማንጠፍ ጀመረ።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልንገራችሁ። ታውቁታላችሁ፣ ግን ስሙኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን ምን እንላለን? "ኖር!" እንላለን። እሱስ? "በእግዜር!" ይላል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ይህ ቃል ምርኩዛቸው ሆኗል። ለቅሶ ቤት ሲገቡ፣ ሰርግ ቤት ሲገቡ፣ "ኖር!" ከወዴት እንደመጣ ይሰሙና ቦታ የተለቀቀላቸው በዚያ በኩል እንደሆነ ያውቃሉ። በዓይን ሳይሆን በክብር ነበር የሚመሩት።

ያን ቀን በመኪናዋ በር ላይ ቆመው የሰሙት ግን ሌላ ድምፅ ነበር። ኮሽ ኮሽ የሚል የወረቀት ድምፅ።

"ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?"

"ጋዜጣ ነው አባባ፣ ልብሱ እንዳይቆሽ..." አለና ቃሉን ሳይጨርስ ዋጠው።

አዛውንቱ እጃቸውን ከወንበሩ አነሱ። "ልጄ፣ ነፋስ ይሻለኛል። ከኋላ ልውጣ።"

"ኧረ አባባ፣ ተዉ እንጂ!"

"ጋቢና ያፍነኛል። ተወኝ።"

ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጡ። ሴት ልጃቸው ለመንገድ ከላከችው የባቄላ ጆንያ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ሰውዬውስ? የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ? ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ እፎይ አለ። ወንበሩ ተረፈለታ።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ጉሙ አልለቀቀም። ሰውዬው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። አባቱ አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ፤ ጋቢው ነጭ፣ ጉሙ ነጭ። አንዳንዴ አባቱን ሳይሆን ደመና የጫነ ይመስለዋል። ወንዙ ጋ ሲደርስ ሳያስበው "ወንዙ ጋ ደረስን አባባ" አለ። አጠገቡ ያለው ጋዜጣ የለበሰ ባዶ ወንበር ነው። ድምፁን ሲሰማው ደነገጠ።

ዳገቱን ሲጀምሩ ካፊያ ጣለ። አቆመና ሮጦ ወረደ። "አባባ፣ ዝናብ ነው፣ ይግቡ!"

"ልጄ፣ መልሰኝ" አሉት።

"ወዴት?"

"ቤቴ። ሕክምናው ይቅር።"

"አባባ! ሦስት ዓመት ለምነንዎት!"

"ዓይኔ ቢበራ ምን ላይበት ነው? ልጄ ጋዜጣ ሲያነጥፍልኝ? በጆሮዬ ሰምቼው እንዲህ ሆዴን ካባሰው፣ በዓይኔ ባየውማ ምን ልሆን ነው?"

ወገኖቼ፣ ይሄን የሚመልስ አለ? ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሮጦ ጋቢናው ውስጥ ገባና የወንበሩን ልብስ ይገነጥል ጀመር። ቀኑን ሙሉ ያያያዛቸውን ሜንጦዎች እየመነጨቀ "አልፈልገውም! አልፈልገውም!" ይላል። ጨርቁ ተርር አለ። አንዲት ጋቢ ያለው ሰው ልብስ ሲቀደድ መስማት አይችልም። አዛውንቱ የመኪናዋን ጎን እየዳሰሱ ወረዱ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ላወልቀው ነው አባባ! ይሄ ልብስ ነው ያጣላን!"

"ልብሱ ምን አጠፋ? ዳስሼው የለም እንዴ? ደግ ልብስ ነው። ለእኔ ብለህ የገዛኸውን ለምን ትቀዳለህ?"

እጁ ቆመ። ያን ጊዜ ገባው። ያጣላቸው ልብሱ አልነበረም። ልብሱንማ በፍቅር ነበር ያለበሰው። ጋዜጣውን ሰበሰበና ወደ ዝናቡ ጣለው፤ ፊደሉ እየሟሟ ወረደ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። አባቱ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ። ለምን? ኖር የሚባለው ከመቀመጫ ተነስቶ ነዋ! የአባቱ ዱላ በሩን ሲነካ ብድግ ብሎ ዝናቡ ውስጥ ወረደ፣ ዳገቱ እስኪመልስለት ድረስም "ኖር!" አለ።

አዛውንቱ ቆሙ። ዝናቡ በጋቢያቸው ይወርዳል። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ሰውዬው አልለመነም፣ እጃቸውንም አልጎተተም።

"በእግዜር" አሉ በመጨረሻ። ጭቃ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ።

ሰኞ ሞራው ተገፈፈላቸው። ፋሻው ከተፈታ በኋላ መኪናዋን አሳየኝ አሉ። በሩን ከፈቱት፣ ወንበሩን አዩና "ይሄን የመሰለ ልብስ የትኛው ባለጌ ነው እንዲህ ያጨቀየው?" ብለው ተቆጡ። ልጁ "አንድ ነጭናጫ የገጠር ሽማግሌ ነው" አላቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሐኪሙ የከለከላቸው እንባ መጣ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቡፌያችሁ ውስጥ ለእንግዳ ብላችሁ የቆለፋችሁበት ብርጭቆ የለም? አክስታችሁ ከገጠር ስትመጣ በምን ቀዳችሁላት? በፕላስቲክ ኩባያ! ለእናታችሁ ብላችሁ ክፍል ሠራችሁ፤ እናታችሁ መጡና ሲያስሉ አልጋቸውን ወዴት አዞራችሁት? ወደ ጓዳ! ስጦታው እውነት ነበር። ፍቅሩም እውነት ነበር። በመሃል ግን አንዲት ቀጭን ወረቀት አነጠፋችሁ። ቀጭን ናት፣ እናንተ አታዩዋትም፤ የተነጠፈለት ሰው ግን ድምፅዋን ይሰማል። ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት ለዚህ አይደለም?

ለፈጣሪስ? ልቤን ማደሪያህ አድርገው እያልን እንዘምራለን። ሥዕሉን እናለብሳለን፣ መድረኩን እናለብሳለን፣ አዳራሹን እናለብሳለን። እሱ ግን የሚመጣው በማን እግር ነው? ባቄላ ማሳ ውስጥ በዋለ እግር ነው። ልብስ ማልበሱ መልካም ነው፣ አልከለክላችሁም። ስትጨርሱ ግን ለማን እንዳለበሳችሁት ራሳችሁን ጠይቁ። ለሚመጣው ነው ወይስ እንዳይመጣ?

ቆዩ። እዚያ በሩ ጋ የቆሙት እናት... አዎ፣ እርስዎ እማማ። ከጀመርኩ ጀምሮ ቆመዋል። በዚህ ሳምንት ምንጣፍ አስነጠፍን፤ በር ላይ ያለው ወንድማችን እግርዎን አይቶ "እዚሁ ይሁኑ" ሲልዎት ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። አይቼ ስብከቴን ቀጠልኩ። ይቅር ይበሉኝ።

እማማ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ምንጣፍ ይታጠባል። የፊተኛው ረድፍ፣ ምን ቁጭ ብላችሁ ታዩኛላችሁ? ተነሱ እንጂ!