ክቡና ሞላላው ቅርፊት

ስንዱ አባቷን ከቀበረች ወዲህ ግራ ገብቷታል። ለቅሶ የደረሰው ሰው ገሚሱ ደግነቱን፣ ገሚሱ ጭካኔውን ሲያወራ ሰማች። ወደ መምህር ቀጸላ ሄዳ፣ «እውነተኛው አባቴ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በድንጋይ ውስጥ ታትመው የቀሩ የጥንት ፍጡራንን ዘር እየለየ ስም ማውጣት ነው። ከአንድ ገደል ሥር ድንጋይ ሲፈልጥ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ቅርፊቶች አገኘ። ድሮ በዝናብ ኩሬ ይኖሩ የነበሩ ሽሪምፕ የሚባለው ቅርፊታም የውሃ ፍጡር ዘመዶች ናቸው፤ ሥጋቸው ጠፍቶ ቅርፊታቸው ቀርቷል። አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ሞላላ ነው። ሰውየው ሁለት ዘር ናቸው ብሎ ወሰነ፤ ሞላላውንም በሟች ሚስቱ ስም ጠራው። ስሟ ከምድር እንዳይጠፋ ነበር ምኞቱ።

አንድ ክረምት ግን ከገደሉ በላይ፣ ማሳ ዳር ዝናብ ያቆረው ኩሬ አየ። በውስጡ የነዚያ ፍጡራን ዘመዶች በሕይወት ይዋኛሉ፤ ክብም አለ፣ ሞላላም አለ። ጎንበስ ብሎ ቢመለከት ሞላላው ክቡን አቅፎ ይዞታል። ለካ ወንድና ሴት ናቸው፤ ዘራቸው አንድ ነው።

ልቡ ደንግጦ ወደ ድንጋዮቹ ተመለሰ። አሁን ከክብም ከሞላላም ያልሆነ ቅርፊት ይታየው ጀመር። የድንጋዩ ጭነት አጣሞት ይሁን፣ ሲፈጠርም እንዲያ ይሁን፣ መለየት አቃተው። ባየ ቁጥር ይብስ ዞረበት። የሥራ ባልደረባው ዝም እንዲል መከረው፤ ማን ኩሬ ወርዶ ያጣራብሃል አለው።

ሰውየው፣ «እኔ ወርጃለኋ» አለ። ከዚያ የሚስቱን ስም በገዛ እጁ ፍቆ፣ በቦታው «ገና አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ ግልጽ አልሆነለትም።

መምህሩ ወደ ስንዱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። ለቀስተኛው ሁሉ የደረሰበትን ነው የነገረሽ። አንቺ ግን ከወሬው ሁለት ሰው ሠርተሽ አንዱን ልትጥዪ ቸኮልሽ። የቀበርሽው አንድ አባት ነው። ክፉ ቀን ያጣመመው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ተፈጥሮውስ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ። ስለዚህ ስም አታውጪለት። ‹አባቴን አላወቅሁትም› ብለሽ አልቅሺለት፤ እንዲህ ያለ ልቅሶም ልቅሶ ነው።»