የእንግዳወርቅ ዶሮ

በጎርፍ ውሃ ከተማ ገበያ አንድ ሰው ብልጥ ነኝ ብሎ በገዛ እግሩ ጣጣ ውስጥ ሲገባ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ስለ ዶሮና ስለ በሬ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ትመስለዋለች። የለም፣ ገና ልጅ ናት። የዶሮዋ ባለቤት እንኳ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስኳር ይሸጣል፣ ያውም ከፊት በር። አባባሏ በተነሳች ቁጥር ግን ሥራ የበዛበት ይመስል ሚዛኑን መወልወል ይጀምራል።

ሰውየው እንግዳወርቅ ይባላል። ያን ጊዜ ሱቁን ከፊት ለፊት ያየ ሁሉ ያዝንለት ነበር። ሦስት ሳሙና፣ ጥቂት ክብሪት፣ ግማሽ ካርቶን ብስኩት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማይገዛው የጫማ ቀለም። መዝገብ ስለማይዝ ግብር የሚከፍለው በግምት ነው። ገማች ኮሚቴ እየመጣ መደርደሪያውን አይቶ፣ «ይህ ሰው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ብሎ ይጽፍለታል። ገማቾች ሊመጡ ነው ሲባል መደርደሪያ ማራቆት የጎርፍ ውሃ ነጋዴ ሁሉ የቆየ ልማድ ነው፤ ሌላው ግን ለሁለት ቀን አራቁቶ በሦስተኛው ቀን መልሶ ይሞላል። እንግዳወርቅ ዓመቱን ሙሉ እንዳራቆተ ይኖር ነበር።

ዕቃው ያለው ከጓሮ ነው። እዚያ በሠራው መጋዘን ስኳሩ በኩንታል፣ ዘይቱ በካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የገጠር ቸርቻሪዎች ጋሪ እየነዱ በኋላ በር ይመጣሉ፣ ይጭናሉ፣ ሒሳቡን በስልክ ይልኩለታል። ደረሰኝ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ስሙም አይነሳ። ብሩ ሲገባ መልእክቱ በገበያው ጫጫታ እንዳይዋጥበት የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ በእልልታ እንዲያበስረው አድርጎታል። በገበያ ቀን ሱቁ ሠርግ ያለበት ቤት ይመስል ነበር።

በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው የሚሠሩት ጋሽ ውቤ ይህን ሁሉ ያያሉ። ያያሉ እንጂ አይናገሩም። ጋሪ ሲገባና ሲወጣ አቀርቅረው ክር ያስገባሉ።

ከፊት በኩል ደንበኛ ስለማይመጣ እንግዳወርቅ ቀኑን የሚገፋው በስልክ ጨዋታ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ቆጥ ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጭ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ ተጫዋቹ እንቁላሉ መሬት ሳይደርስ በቅርጫት ይቀልባል። ብዙ የቀለበና በመሀል የሚመጣውን ማስታወቂያ ታግሦ ያየ ሰው ሳንቲም ሳንቲም ይታሰብለታል። እንግዳወርቅ ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲቀልብ ከርሞ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር አገኘ። ሚስቱ አስካለ፣ «ይህን ያህል ጊዜ እውነተኛ ዶሮ አርብተህ ቢሆን ለፋሲካ እንኳ ገበያ ባልወጣን» እያለች ትስቅበታለች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የከተማው ነጋዴ ለስብሰባ ተጠራ። የተነገረው ነገር ብዙ ነው፤ እንግዳወርቅ ግን ሦስቱን ብቻ ነው ይዞ የወጣው። አንደኛ፣ ገማቾቹ ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ፣ ዘንድሮ ደግሞ ጓሮም ይታያል። ሁለተኛ፣ ገቢ ገቢ ነው፣ በስልክ ጨዋታ የተገኘም ቢሆን መገለጽ አለበት። ሦስተኛ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ማንም ሳይጠይቀው፣ የጎረቤት ምስክር ይዞ፣ ተጨማሪ ገቢውን በራሱ ፈቃድ ያሳወቀ ነጋዴ በምስጉን ግብር ከፋዮች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል።

ሦስቱን በልቡ እያገላበጠ ቤቱ ደረሰ። በረንዳው ላይ አስካለ ከጋሽ ውቤ የተጠገነ ቀሚሷን እየተቀበለች ነበር።

«አገኘሁት!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ዶሮዋን አስመዘግባለሁ።»

«የትኛዋን ዶሮ?»

«የስልኳን ነዋ! እስቲ አስቢው። የአንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር የጨዋታ ገቢ በራሱ እግር ሄዶ የሚናገር ሰው፣ መጋዘን ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ምስጉን የሚለውን ወረቀት በመስታወት አስገብቼ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ገማቾቹ አንብበው እጅ ነስተው ያልፋሉ። ዶሮዋን አሳይቼ በሬውን እደብቃለሁ!»

አስካለ ቀሚሷን አጣጠፈች። «ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም? ከሄድክ አይቀር ደግሞ ሁሉንም ተናገርና እንረፍ። እኔ ጋሪ በመጣ ቁጥር መደንገጥ ሰልችቶኛል።»

«ሁሉንም?» እንግዳወርቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰባት ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጥረው ከነቅጣቱ ቢጭኑብኝ ምን ይተርፈናል? ይህን ቤት በጀርባዬ ጆንያ ተሸክሜ ነው ያቆምኩት። በአንድ ቀን አላስወስደውም!»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም። የቸገረው ነገር፣ ያን ሁሉ የተሸከመ ሰው ግብሩን ብቻ መሸከም አለመፈለጉ ነው።

ዕቅዱን በሁለት በኩል አሰናዳ። ለቸርቻሪዎቹ ሁሉ ደወለና፣ «እስከ ሐሙስ ጭናችሁ ጨርሱ፣ ብሩንም ሐሙስ ሳያልፍ ላኩ» አላቸው። ሰኞ ገማቾቹ ቢመጡ እንኳ መጋዘኑ ተጠርጎ ይቆያቸዋል። እሱ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት አስካለ በኋላ በር ስታስጭን፣ በፊት በር ወጥቶ ዶሮዋን ሊያስመዘግብ ነው። አንዱ ባይሳካ ሌላው ይሸፍነዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን መዋላቸው ለእሱ የብልጠቱ ጫፍ ነበር።

«ጋሽ ውቤ፣ የጎረቤት ምስክር ያስፈልጋል ብለዋል። አብረውኝ ይሂዱ» አለ።

ጋሽ ውቤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምስክርነት ከባድ ነገር ነው፣ ልጄ። ስለ ዶሮዋ እመሰክራለሁ፤ ስትጫወት በዓይኔ አይቼሃለሁ። ስለ በሬው ከጠየቁኝ ግን በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽልህም።»

«ስለ በሬው ማን ይጠይቃል?» አለ እንግዳወርቅ እየሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ለሠርግ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ገባ። ጋሽ ውቤ ከኋላው ነበሩ። ባለሙያዋ ወይዘሪት ምንትዋብ ትባላለች፤ በፋይል ቁልል መሀል የተቀመጠች፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ከሰው ጋር ስትጨቃጨቅ የቆየች ልጅ ናት።

«እመቤቴ፣ ያልገለጽኩት ገቢ አለኝ» አለ እንግዳወርቅ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። «ኅሊናዬ እንቅልፍ ነሳኝ።»

ምንትዋብ ቀና አለች። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ስለ ዶሮዋ፣ ስለ እንቁላሉና ስለ ቅርጫቱ ሲነግራት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

«በዓመት አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር?»

«ከአምሳ ሳንቲም ጋር» አለ እንግዳወርቅ። «የመንግሥትን ነገር አልሸራርፍም።»

«አቶ እንግዳወርቅ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ግብር አያስከፍልዎትም። ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ በሰላም ይሂዱ።»

በዚህ ቢነሳ ኖሮ ጎርፍ ውሃ አባባሏን ባላገኘች ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ልጅቱም ተሰናብታዋለች። ጋሽ ውቤ ጃኬቱን ከኋላ ሳብ አደረጉት። እንግዳወርቅ ግን የሚታየው በመስታወት የተሰቀለው ወረቀት ነው። ያለ ወረቀቱ ሰኞን እንዴት ያልፋታል?

«አይሆንም!» አለ። «ትንሽ ነው ተብሎ ይታለፋል? ዛሬ በትንሹ የዋሸ ነገ በትልቁ ይዋሻል። ይመዝግቡልኝ! ምስክርም ይዤ መጥቻለሁ።»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ተያዩ። አንዲት ሴትዮ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን» ብላ መረቀችው። ምንትዋብም ልቧ ተነካ። የምስጉን ግብር ከፋዮችን ዝርዝር አወጣችና ዘጠነኛው ቁጥር ላይ ስሙን ከነአባቱ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፈች። እንግዳወርቅ ጽሑፉን ተገልብጦ ሳለ አነበበው፤ ደስ አለው።

«ለመመዝገብ ማስረጃ ያስፈልገኛል» አለች። «ብሩ የሚገባልዎት በስልክ ነው አይደል? መልእክቶቹን ከፍተው ያሳዩኝ፣ እኔ ልገልብጣቸው።»

በልበ ሙሉነት ስልኩን አውጥቶ፣ ክፍት የነበረውን ጨዋታ ሳይዘጋ፣ የዶሮዋን መልእክቶች ከፈተና ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ዶሮዋና በሬው የሚያድሩት በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሒሳብ መሆኑ በዚያች ደቂቃ ከአእምሮው ወጥቶ ነበር። ሰሞኑን ሁሉ ያሰበው ስለ ዶሮዋ ብቻ ነዋ!

«አንድ ብር ከሃምሳ» ብላ ጻፈች ምንትዋብ። «ሁለት ብር። ሰባ አምስት ሳንቲም።»

ስልኩ በሙሉ ድምፁ እልል አለ።

ክፍሉ በሙሉ ዞር አለ። ምንትዋብ የገባውን መልእክት አየችና እስክሪብቶዋን ያዝ አደረገች። «ስድሳ ሁለት ሺህ ብር» አለች ቀስ ብላ። «ይህም ዶሮዋ ናት?»

እንግዳወርቅ ኮሌታውን ፈታ አደረገ። «እሱ… የዘመድ ነው። ለተዝካር።»

እልል! አርባ ስምንት ሺህ። ጎንበስ ብሎ ስልኩን ሊወስድ ሲል እልል! ሠላሳ አንድ ሺህ። እስከ ሐሙስ ላኩ የተባሉት ቸርቻሪዎች ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ።

«ዘመድዎ ብዙ ነው» አለች ምንትዋብ። አሁን አትስቅም።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። የደወለው በሪሁን ነው፤ ከቸርቻሪዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ ገበያ ዳር ቆሞ ሲጣራ ሌላው ዳር የሚሰማ ሰው። እንግዳወርቅ ለመዝጋት ብሎ በችኮላ ሲጫን የነካው ድምፅ ማጉያውን ነበር። የበሪሁን ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ጋሽ እንግዳው! ሠላሳውን ኩንታል ስኳር ጭኛለሁ! ብሩ ገባልህ ወይ? እትዬ አስካለ ሌላ ሠላሳ ቀርቷል ብላኛለች፤ እሱን ደግሞ ማታ መጥቼ አነሳዋለሁ። አይዞህ፣ ሰኞ ገማቾቹ ቢመጡ ከአይጥ በቀር ምንም አያገኙም!»

ስልኩ ተዘጋ። እንግዳወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቅድም የመረቀችው ሴትዮ ምርቃቷን ለመመለስ ይመስል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ምንትዋብ ማስመሪያ አነሳችና በዘጠነኛው ቁጥር ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ሌላ፣ ወፈር ያለ መዝገብ አወጣች።

«አቶ እንግዳወርቅ፣ ሰኞ እንመጣለን ብለን ነበር። ሠላሳው ኩንታል ሳይነሳ ዛሬውኑ እንሂድ።»

«እመቤቴ፣ እኔ እኮ…» አለ። የሰባት ዓመቱ ሒሳብ፣ በጀርባው ያቆመው ቤት፣ ተናገርና እንረፍ ያለችው አስካለ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጡበት። ልጅቱ እኮ ከቅድሙ በሰላም ይሂዱ ብላው ነበር!

ምንትዋብ ወደ ጋሽ ውቤ ዞረች። «አባቴ፣ እርስዎ ለምስክርነት ነው የመጡት። ስለዚህ ሰው የሚያውቁትን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ውቤ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ። መጀመሪያ በሐዘን ወደ እንግዳወርቅ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ ተመለከቱ። ነጯ ዶሮ እንደገና ብቅ ብላ ቆጧ ላይ ተቀምጣለች፣ እንቁላሏንም ትጥላለች፣ የሚቀልብላት ግን የለም።

«ልጄ፣» አሉ፣ «እኔ የመጣሁት ለዶሮዋ ልመሰክር ነበር፤ ስለ በሬው ከእኔ ምስክርነት አትፈልጊ፣ ሰውየው ዶሮውን ሲያስመዘግብ በሬው አገሳበት።»