የጋሽ ማንደፍሮ የታይላንድ ማንጎ

አንድ ቀን ጋሽ ማንደፍሮ የግቢያቸውን ማንጎ ሊያስቆርጡ እንጨት ፈላጭ ይዘው መጡ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የሳቸውን ማንጎ የማያውቅ የለም። ከሥሩ ልብስ ሰፊው አንጁሎ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ጥላውን በነጻ ያገኘ እንዳይመስላችሁ፤ ጋሽ ማንደፍሮ በነጻ የሚሰጡት ምክር ብቻ ነው። በጥላው ፋንታ አንጁሎ ልብሳቸውን ይጠግናል። ልብስ ስል ያው አንዲት ካኪ ሱሪ ናት። መቀመጫዋ ላይ ስትቀደድ «ጋሼ፣ የሚመሳሰል ጨርቅ ይግዙ» ቢላቸው፣ «ከኋላዬ ያለውን እኔ እንደሁ አላየው!» ብለው ከተማሪ ዩኒፎርም በተረፈ ወይን ጠጅ ጨርቅ አስጠገኗት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪዋ ታጥባ ማንጎው ላይ ትሰጣለች። እሳቸውም እስክትደርቅ ሽርጥ አገልድመው፣ በር ዘግተው ይቀመጣሉ።

ልጃቸው ዘመናዊ ስልክ ከላከችላቸው ወዲህ ደግሞ ሰውዬው ሁሉን አዋቂ ሆነዋል። ቴሌግራም ላይ አንድ ችግኝ ሻጭ አገኙ። «ንጹህ የታይላንድ ማንጎ! በስምንት ወር ያፈራል! ድርቅ አይበግረውም፣ ምስጥ አይደፍረውም! ዋጋ በውስጥ መስመር!» ይላል። ጋሽ ማንደፍሮ በውስጥ መስመር ገቡ፤ ሲወጡ ችግኝ ገዝተዋል። እንግዲህ አርባ ምንጭ ተቀምጦ ከአዲስ አበባ ማንጎ ማስመጣት ማለት ይኼ ነው! ችግኙ በጥቁር ፌስታል ታንቆ በአውቶቡስ ደረሰ። ሁለት ቅጠል አለው፤ አንደኛዋ ለመሄድ ተሰናድታለች።

«ይኼ አሮጌ ይነሳና ቦታው ላይ የታይላንዱ ይተከላል» አሉት ፈላጩን።

አንጁሎ ከመኪናው ተነሳ። የአርባ ምንጭን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያለዚያ ዛፍ እዚያ ቁጭ ብሎ ልብስ መስፋት፣ ምድጃ ላይ ቁጭ እንደማለት ነው።

«ጋሼ፣ በእናትዎ! ስንት ዘመን ያበላን ዛፍ እኮ ነው!»

«ይኼንን ፍሬ ትለዋለህ? አንተ መርፌህን እንጂ ዓለም የት እንደደረሰ በምን ታውቃለህ!» ብለው ስልካቸውን አወጡ። «ና እይ! እናትየው ይቺ ናት። ችግኙ ከዚች የተገኘ ነው። ቅርንጫፏን እይ! ፍሬዋን እይ! ዛፍ ማለት እንዲህ ነው!»

ፈላጩም አንገቱን አስግጎ፣ «ወይ ጉድ፣ እውነትም የፈረንጅ ዛፍ!» አለ።

አንጁሎ ፎቶውን አየ። በሁለት ጣቱ ጎተት አድርጎ አሰፋው። ደግሞ አየው። ባለፈው ወር ዚፕ ሊያሠራ መጥቶ፣ ተራው እስኪደርስ ዛፉን በስልኩ ሲያነሳ የቆየ አንድ እንግዳ ትዝ አለው።

«ጋሼ፣ ይቺ ዛፍ እርግጠኛ ነዎት ታይላንድ ናት?»

«ሻጩ ራሱ በቦታው ተገኝቶ ነው ያነሳት!»

«እዚህ ሲቀላ እንዲህ ያለች የለችም?»

«ሲቀላ? መላ ኢትዮጵያን ብትዞር አታገኛትም!»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አንጁሎ፣ ስልኩን ወደ ፈላጩ እያዞረ። «እኔ እኮ ስንት ዓመት ሲገርመኝ ኖሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተው የሚቀመጡት ለካ ሱሪዎ ታይላንድ ሄዳ፣ ደርቃ እስክትመለስ ነው!»

ፈላጩ ስልኩን አየ። ቅርንጫፉ ላይ የተሰጣችውን ካኪ ሱሪ ከነወይን ጠጅ እራፊዋ አየ። ከዚያ በጋሽ ማንደፍሮ ኋላ ዞር ብሎ የለበሷትን ሱሪ እራፊም አየ። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ማንጎው እስከ ዛሬ አለ፤ አንጁሎም ከሥሩ ይሰፋል። ጋሽ ማንደፍሮ እንግዳ ሲመጣባቸው ያንኑ አሮጌ ዛፍ እያሳዩ «ንጹህ የታይላንድ ዝርያ ነው» ይላሉ፤ ሱሪዋን ግን አሁን የሚያሰጧት ቤት ውስጥ ነው።