ሐጂ ሐሚዱ ሳይጠይቁ የሰጡት ሚስማር

ስሟን ባላነሳው በማትቀየም አንዲት የድሮ ከተማ፣ ከመስጂዱ በር ፊት ለፊት፣ ሐጂ ሐሚዱ የሚባሉ የሚስማር ነጋዴ ነበሩ። ገዢው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «እንጨቱ እርጥብ ነው ደረቅ?» ይሉታል። መልሱን ሳይሰሙ እጃቸው ወደ ሚስማሩ አይሄድም።

አንድ እሑድ ጎረቤታቸው ይመር መጣ። ለልጁ ለኑርዬ ከጓሮው ትንሽ የጫጉላ ቤት ሊያቆም ነው። ሙሽራዋ ሐሙስ ትገባለች። ሰርግ የደረሰበት አባት ደግሞ ሁሉ ነገር ትልቅ ትልቁን ያምረዋል።

«ሐጂ፣ ወፍራሙን ይስጡኝ! ዝሆን ቢደገፈው የማይነቃነቅ ቤት ነው የምሠራው» አለ።

በዚያው ቅጽበት የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። ሐጂ ወፍራሙን አንስተው ሰጡትና ለውዱእ ትጥበት ተጣደፉ። በአርባ ዓመት ንግዳቸው ሳይጠይቁ ሲሰጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሰኞ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ለዱዓ እንዳነሡት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ያ ረቢ! እንጨቱን አልጠየቅሁትም!» አሉና አንድ እግር የራሳቸውን፣ አንድ እግር የሰው ጫማ ተጫምተው ወጡ።

ይመር ሱሪውን ሰብስቦ ከጎረቤቶቹ ጋር ጭቃ እየረገጠ ነበር።

«ይመር፣ እንጨትህ ደረቅ ነበር?»

«ሁለት ዓመት የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሐጂ! ብረት በሉት!»

ሐጂ ጎንበስ አሉ። የማገሮቹን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ወፍራም ሚስማር ደረቅ እንጨት ይሰነጥቃልና ማገሩ ሁሉ ተተርትሯል። እውነቱን ለመናገር ይመርም ትናንት አይቶት ነበር፤ ጭቃው ይሸፍነዋል ብሎ ልቡን አታለለ እንጂ።

«ግድግዳው ዛሬ ካልተመረገ ለሐሙስ አይደርቅም» አለ ይመር። «የሙሽራዋ ወገኖች መጥተው ምን ሊሉን ነው? ይተዉት፣ ሐጂ። እርስዎም ለሶላት ቸኩለው ነው፤ ማን ይወቅስዎታል?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ሐጂ። ጥምጣማቸውን ቋሚው ላይ ሰቀሉና «ጉጠት ያለው ጉጠቱን ያምጣ!» ብለው ተጣሩ።

የገበያ ቀን ነበር፤ የሐጂ ሱቅ ግን ተዘግቶ ዋለ። ቀጭኑ ሚስማር ከሱቃቸው፣ የተሰነጠቀው ማገር ምትክ ከአጥራቸው መጣ። ሰፈሩ ግማሹ ይነቅላል፣ ግማሹ ይመታል፤ ሴቶቹ ድቤ አምጥተው መንዙማ ሲያወጡ መዶሻው ሁሉ በድቤው ልክ መውረድ ጀመረ። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ማገሩ ተጠናቀቀ፤ ፀሐይ ሳትገባ ግድግዳው ተመረገ።

ሐሙስ ሙሽራዋ በእልልታ ገባች። ይመር ከሙሽራው በላይ ጨፈረ፤ ላቡን እየጠረገም ሐጂ አጠገብ ተቀመጠ።

«ስንጥቁን እኔ ራሴ አይቼ ዝም ብዬ ነበር፣ ሐጂ። እርስዎ ግን ማንም ሳይጠይቅዎት መጡ። ለሶላት ሲጣደፉ የሳቱትን አላህ አይምርዎትም ነበር?»

«የራሱን ሐቅ ይምረኛል፣ ኢንሻአላህ። ያንተን ሐቅ ግን ላንተው ትቶታል። አፉ በለኝ፣ ይመር።»

«አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ!» አለ ይመር። ትከሻቸውን ስሞ አለቀሰ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር።

ስንቶቻችን ነን የሰው ሐቅ ይዘን በዱዓ ብዛት ልናጥበው የምንደክመው? ዱዓው መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለን። የበደልነው ጎረቤት ግን እዚሁ ነው ያለው፤ ቤቱን እናውቀዋለን።