መንገድሽ አይደል?

አንድ ጊዜ፣ ዳለቻ የምትባል ገጣባ አህያ ነበረች። ገጣባ ስላችሁ ፀጉሯ ትንሽ የተላጠ እንዳይመስላችሁ። ጭነት ዕድሜ ልኳን ሲፈትጋት ኖሮ ጀርባዋ ሥጋው ወጥቶ ነበር። ዝንብ ከላዩ አይነሳም። ጌታዋም «እንግዲህ ለምን ትሆኚኛለሽ?» ብሎ ለቀቃት።

አንድ ቀን መንገደኛ ሽመላ አጠገቧ አረፈና ቁስሏን አየው።

«ከሦስት አገር ማዶ፣ ተራራ ላይ የሚፈልቅ ፍልውሃ አለ» አላት። «እዚያ የተነከረ ይድናል። ግን ክረምት ሳይገባ ድረሺ። ይሄ ቁስል ዝናብ ከመታው ይተላል፣ ከተላ ደግሞ አለቀልሽ።»

ዳለቻ አብሯት የሚሄድ ፈለገች። ባሏስ ትሉኝ ይሆናል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማችሁም? ባሏ ሳሩን እየነጨ ቀና እንኳ ሳይል «በይ ደርሰሽ ነይ» አላት። እሷም ድርቆሽ የያዘች ትንሽ ስልቻ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ጀርባዋን ባዶ አድርጋ፣ ብቻዋን ወጣች።

መጀመሪያ የደረሰችው ዝንጀሮዎች አገር ነው። ኬላው ላይ አንዲት ሽበታም እትዬ ዝንጀሮ ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ወደ ፍልውሃው ነኝ፣ እትዬ።»

እትዬ ዝንጀሮ ብድግ አሉ። «ወይ ጉድ! ልጄ እኮ የተዳረችው እዚያ ነው፣ ከውሃው በታች! መንገድሽ አይደል?»

«መንገዴስ ነበር...»

«እንግዲያው ይህቺን መጅ አድርሺልኝ። ፍሬ የምትፈጭበት።»

ዳለቻ ድንጋዩን አየችው። ድንጋይ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። «እትዬ፣ እዚያስ ድንጋይ የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ! ያገሯ ድንጋይ ግን አይደለማ።»

«ጀርባዬን አላዩትም?»

«ምን ችግር አለ፣ ወደ ጎን እናደርገዋለን» አሉና መጁን በሐረግ አስረው ጫኑባት። ጥቂት እንደሄደች ድንጋዩ ከጎን ወደ መሃል ተንሸራተተ። ድንጋይ ደግሞ የት እንደሚያም ያውቃል።

እምቢ ማለት አልቻለችም። አደራ የተባለን ነገር እምቢ የሚል ቃል ማንም አላስተማራትም፣ አህያ ከተወለደች ጀምሮ የሚነገራት «ቁሚ» እና «ሂጂ» ብቻ ነው።

የሰው አገር ይደክማል። ቋንቋው ሌላ፣ ሳሩ ጎምዛዛ፣ ማደሪያው የማያውቁት ሰው አጥር ሥር። ጠዋት ተነስታ «ደህና አደርሽ» የሚለኝ ባገኝ ብላ ጠበቀች፣ ያ እንኳ ጠፋ። «ደህና አደርሽ» የሚላት ከተገኘ የሚጫን ዕቃ ያለው ነው። በጃርቶች አገር አንድ ጃርት በትሕትና ሰላም ብሏት ለአጎቱ የሚደርስ ሥራሥር ጫነባት፣ መንገድሽ ነው እያለ። አጎቱ ቤት ስትደርስ አጎትየው ሥራሥሩን ቆጥሮ ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ውሃ ጠጪ እንኳ አላላትም። ዳለቻ በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ሄደች።

ከጃርቶች አገር ስትወጣ ከኋላዋ የሚያነክስ ኮቴ ሰማች። ዞር ብትል ጅብ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ይሄኛውም በየመንደሩ ራሱን ትልቅ ሰው አድርጎ፣ «የዚህች ወይዘሮ ሸኚ ነኝ» እያለ ነበር የሚከተላት።

«አያ ጅቦ፣ ለምን ትከተለኛለህ?»

«እየሸኘሁሽ ነዋ! ብቻሽን ስትሄጂ አንጀቴን በላሽው።»

አንጀቷን ሊበላ እንደሆነ ዳለቻ ገብቷታል። እሱ ግን ርግጫዋን ይፈራል፣ ደግሞም ሰነፍ ነው። «ዛሬ ካልወደቀች ነገ ትወድቃለች። የወደቀ አህያ አይራገጥም» ብሎ አስቦ ጨረሰ። በዕድሜው ያሰበው ሐሳብ ይቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በሦስተኛው አገር፣ የተቃጠለ አሸዋና እሾህ በበዛበት ቆላ፣ ቀበሮ አገኛት። ቀበሮ ከፍልውሃው ማዶ የሰቡ ቆቆች እንዳሉ ከሰማ ቆይቷል። ያን ሁሉ አሸዋ በእግሩ መርገጥ ግን አልፈለገም። መጁን በጀርባዋ ላይ ሲያይ ዓይኑ በራ።

«እህቴ፣ ወዴት ነሽ?»

ዳለቻ ዓይኗን ጨፈነች። «ወደ ፍልውሃው» አለች በደከመ ድምፅ።

«እሰይ! አክስቴ እዚያ ታማ ተኝታለች። አንድ ስልቻ ቋንጣ ልልክላት ስቸገር እግዜር አንቺን አመጣ። መንገድሽ አይደል?»

«ወንድሜ፣ ጀርባዬ እኮ...»

«እያየሁት እኮ ነው፣ በጣም ያሳዝናል» አለ ቀበሮ፣ ከንፈሩንም መጠጠ። «እንዳትቸገሪ ስልቻው እዚያ አፋፍ ላይ ነው። አንቺ ከሥሩ ቁሚ፣ እኔ ከላይ እገፋዋለሁ። ብቻ እንዳትከፍቺው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!»

ዳለቻ ከአፋፉ ሥር ቆመች። ቀበሮ ወደ ላይ ወጣ፣ ባዶ ስልቻ ውስጥ ገባ፣ የስልቻውን አፍ ከውስጥ በጥርሱ ነክሶ ራሱን አንከባለለ። ዱብ! ቁስሏ ላይ።

«ደህና ሁን፣ ቀበሮ!» አለች ዳለቻ ወደ አፋፉ አንጋጣ።

«ደህና ሁኚ፣ እህቴ!» የሚል ድምፅ ከጆሮዋ አጠገብ መጣ። እንዲህ ቅርብ መሆኑ ሊገርማት በተገባ ነበር። ግን መገረምም አቅም ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አይወራም። እኔ እንኳ ሳወራው ይደክመኛል። አሸዋው ሰኮናዋን አቃጠለው፣ ድርቆሿ አለቀ፣ መጁ ከአንድ በኩል ስልቻው ከሌላ በኩል ቁስሏን ፈጩት። ስልቻው አልፎ አልፎ ያስነጥሳል። ጅቡም ከኋላ «አይዞሽ፣ ደረስሽ» ይላል፣ ምራቁን እየዋጠ።

በመጨረሻ ተራራው ታየ። ከአናቱ የፍልውሃው እንፋሎት ይወጣል። ከእንፋሎቱ በላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነጎድጓድም ያጉረመርማል። ክረምት ደርሶባታል። ዳለቻ የመጨረሻውን ዳገት ጀመረች፣ ግማሹ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ተንበረከከች። ለመነሳት ሞከረች፣ አልሆነም። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ እንፋሎቱ እየሸተታት እዚህ ልትቀር ነው። ሞቱ ሳይሆን ይሄ ነው ያንገበገባት።

«ተመስገን!» አለ ጅብ። ቀርቦም ከየት ልጀምር እያለ ዞራት።

ዳለቻ ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ምን እንደመጣላት እንጃ፣ ድካም አንዳንዴ ብልሃት ይወልዳል። በየአገሩ የሰማችውን ቃል በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አወጣችው።

«አያ ጅቦ፣ ወዴት ነህ?»

«እኔማ ወደ አንቺው ነኝ።»

«እንግዲያው መንገድህ ነው። ሸኚዬ አይደለህ? ይህን ስልቻ ተቀበለኝ። ቋንጣ ነው። ለቀበሮ አክስት የሚደርስ አደራ ነው፣ እንዳትከፍተው።»

«ቋንጣ?» አለ ጅብ፣ ጆሮው ቆመ።

እንግዲህ ፍረዱ። አገሩ ሁሉ አደራውን የካደውን «አደራ በላ» ይለዋል። ጅብ ግን ቃሉን ቀጥታ ነው የሚሰማው። «አህያዋ እንደሆነ ተንበርክካለች፣ የትም አትሄድም። ቋንጣው ይቅደም» አለና ስልቻውን ከጀርባዋ ጎትቶ አንዴ ጎረሰ።

«ኧረ እኔ ነኝ! ኧረ በሕግ አምላክ!» ብሎ ስልቻው ጮኸ።

ጅብ አፉን አላነሳም። «ቋንጣ ይናገራል እንዴ?»

«ቋንጣ አይደለሁም! ቀበሮ ነኝ!»

«አህያዋ ቋንጣ ነው ብላኛለች። አህያ ደግሞ አትዋሽም!» አለና ደገመው።

ቀበሮ ስልቻውን ቀዶ ወጣ፣ ጭራው ግን ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ። ቁልቁል ሸመጠጠ። ጅብም «ቋንጣዬ! ቋንጣዬ አመለጠ!» እያለ ተከተለው። ሁለቱም ወደ አሸዋው ወርደው ጠፉ።

ዳለቻ ተነሳች። እንዲህ በቀላሉ መነሳቷ ራሷን ገረማት። እስከዛሬ የደከመችው በመንገዱ መስሏት ነበር፣ ለካ ቀበሮ ተሸክማ ነው! መጁን ከሐረጉ አላቅቃ ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። «ስድን እመለስልሃለሁ» አለችውና ባዶ ጀርባዋን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ሲወርድ እሷ እስከ አንገቷ ውሃው ውስጥ ነበረች። አቃጠላት፣ ቀጥሎ ደነዘዘላት፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። እዚያው ቆማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደስታ ይሁን ድካም ለይታ አታውቀውም።

ጀርባዋ ጠጉር ሲያወጣ ቃሏን አልረሳችም፣ ወርዳ መጁን አመጣች። የእትዬ ዝንጀሮን ልጅ ቤት ጠይቃ ስትደርስ ግን በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የግቢው አጥር በሙሉ የተካበው በመጅ ነው! ሁሉም ያገሯ ድንጋይ።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቱ፣ ሳቅም እፍረትም ይዟት። «መንገደኛ ባየች ቁጥር ትልካለች። ተይ ብላት አትሰማም።» ቢሆንም መጁን ተቀብላ አሸተተችው፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ ከረጢት እየጎተተች ወጣች። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ስትመለሺ ይህን ለእናቴ... መንገድሽ አይደል?»

ዳለቻ ከረጢቱን አየችው፣ ልጅቱንም አየቻት።

«መንገዱስ መንገዴ ነው፤ ጀርባው ግን የኔ ነው» አለች። ልጅቱ እንዳታዝንም ጠጋ ብላ ጆሮዋን አዘነበለች። «ይልቅ ሰላምታሽን ንገሪኝ፤ እሱን አደርሳለሁ። ሰላምታ አይገጥብም።»

ከዚህ የምንማረው፣ «መንገድህ ነው» ብሎ የሚጭንብን ሁሉ መንገዳችንን እንጂ ጀርባችንን እንዳላየልን ነው።