ፈረንሳይኛ የሚያውቀው ፈረስ

ድሬዳዋ ውስጥ ቋንቋ ሊማር የተነሳን ሰው የሚያደፋፍሩበት አንድ አባባል አለ፤ አባባሉም መነሻ አለው። ታሪኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል እንኳ ከተጨመረችበት፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በጠራራ ፀሐይ ሞልቶ ተራኪውን ይውሰደው።

ባቡሩ ገና በፈረንሳይኛ በሚታዘዝበት ዘመን በሻህ የሚባል ባለጋሪ ነበር። ሰው ከከዚራ ሰፈር ከፊራ ሰፈር ያመላልሳል፤ ልቡ ግን የትምወርቅ ከምትባል ልጅ ዘንድ ነው። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ አቶ ደግፌ፣ «ልጄን የባቡር ቆብ ላደረገ እንጂ ጅራፍ ለያዘ አልሰጥም» ብለው መለሱለት። ቆቡ የትኬት ቆራጭ ነው፤ ትኬት ቆራጭ ለመሆን ደግሞ በፈረንሳይኛ መፈተን ግድ ነው።

በሻህ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜም አቅምም የለውም። ያለው አፉና ፈረሱ ቦራ ናቸው። ስለዚህ ከተሳፋሪ ፈረንጆች የለቀማትን ቃል ሁሉ ቀኑን ሙሉ ለቦራ ይነግረው ጀመር። ሲያጠጣው የውሃውን፣ ሲያበላው የገብሱን፣ ድልድይ ሲሻገር የድልድዩን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራል። ትናንት የያዘውን ዛሬ ሳይደግም ልጓም አያነሳም።

«አቦ በሻህ፣ ቦራን ፓሪስ ልትድረው ነው?» ይሉታል ባለጋሪዎቹ።

«እናንተን ከማናግር እሱን ባናግር ይሻለኛል። እሱ አይስቅብኝም።»

ክረምቱ ሳይገባ በሻህ ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ ጠጣው። ቦራም አብሮት ተማረ። «ቁም» ቢሉት አይሰማም፤ «አሬቴ» ሲሉት ግን ከነጋሪው ቀጥ ይላል። ገብስ ሲሰጡት አንገቱን ሰበር አድርጎ «ሜርሲ» ሊል ምንም አይቀረው፤ ብሏል የሚሉም አሉ።

በፈተናው ቀን የጣቢያው ሹም ሙሴ ጋስቶን ገና አንድ ጥያቄ ሲጠይቁት በሻህ አፉን ከፈተ። ንግግሩ ሲወርድ የጅቡቲው ባቡር መነሳቱን ትቶ ቆመ፤ ተሳፋሪው በመስኮት ተንጠለጠለ። ሙሴ ጋስቶን እንባቸውን በመሐረብ አበሱ።

«እንዲህ ያለ ፈረንሳይኛ ከእናቴ ወዲህ አልሰማሁም። መምህርህ ማነው?»

«ውጭ ቆሞ ገብስ እየበላ ነው፣ ሙሴ።»

ሹሙ ወጥተው ለቦራ እጅ ነሱ፤ ቆባቸውንም አውልቀው በሻህ ራስ ላይ ደፉለት። የትምወርቅም በዚያው ሳምንት ተዳረችለት።

ታሪኩ እንዲህ ሆኖ በየበርጫው ሲነገር ኖረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ጥግ ይዘው ያዳምጡ የነበሩ አው ዩኒስ የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ቦራ ደንቆሮ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ተራኪው ወንዙ መድረቁን ለማረጋገጥ በመስኮት አየ።

«ልጓም ካልተሳበ አይቆምም ነበር» አሉ አው ዩኒስ። «በሻህም ያኔ ወድቋል። ለፈረስ መናገር እንጂ ከሰው መስማት አልለመደም። ሙሴ ጋስቶን ‹ስምህ ማነው?› ቢሉት ‹አሬቴ› ብሏቸው ወጣ።»

«ታዲያ ቆቡስ፣ አው ዩኒስ? ቆቡን አድርጎ አገር ሁሉ አይቶታል፤ እሱንም አልነበረም ሊሉን ነው?» አለ ተራኪው፣ እንደ መሸነፍም እንደ መሞገትም እያደረገው።

«ቆቡ በኋላ ነው የመጣው። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሪውን እያቆመ እኛ ዘንድ ባቡር ጥገናው መምጣት ጀመረ። ከፈረንሳዮቹ መካኒኮች ጋር እየተሳሳተ ያወራል። እነሱ ያርሙታል፣ እኛ እንስቅበታለን፤ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ፊቱ ይጠቁራል፤ በማግስቱ ግን የታረመውን ይዞ ይመጣል። በዓመቱ ሲፈተን የሚስቅበት ጠፋ። በሠርጉ ዕለት ‹ስለሳቅኩብህ ይቅር በለኝ› ብዬ ብለምነው ቆቡን ቀና አድርጎ አቀፈኝና እንዲህ አለኝ፦ ‹አቦ ዩኒስ፣ ያልተሳቀበት አፍ የሰው አገር ቋንቋ አይለምድም።›»